አንድ ሐይቅ፥ ሁለት መዝገብ፤ ስለ አብጃታ በተደረጉ ምርመራዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ዝዋይን፥ ላንጋኖን፥ አብጃታንና ሻላን በአንድ ቀን ጉዞ ሊያያቸው ይችላል። አራቱም ሐይቆች ጎረቤታሞች ሲሆኑ ሦስቱ ደግሞ በውሃ የተሳሰሩ ናቸው። ዝዋይ ከመቂና ከከታር ወንዞች ከተቀበለው የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይልካል፤ ላንጋኖም በበኩሉ በሆራ ቀሎ በኩል ያካፍለዋል። አብጃታ ግን መውጫ ስለሌለው ለማንም አያቀብልም። የገባለት ውሃ በትነት ወደ ሰማይ ይመለሳል፥ ውሃው ይዞት የመጣው ጨው ግን እዚያው ይቀራል። አራተኛው ሐይቅ፥ ሻላ፥ በአንድ ጠባብ የመሬት ከፍታ ከአብጃታ ተለይቶ 266 ሜትር በሚደርስ ጥልቀቱ ብቻውን ተቀምጧል። እርሱን ከአብጃታ ጋር የሚያገናኘው ወንዝ ሳይሆን ወፍ ነው፤ በዚህ ነገር ላይ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ስለ አብጃታ የተጻፈውን ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አነሳሳችን መምህሮቻችንንም ሆነ ከእኛ በፊት የደከሙትን ተመራማሪዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ የእነርሱ ቁጥር ባይኖር ኖሮ እኛ ለመተቸት እንኳ አንበቃም ነበር። ነገር ግን በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን ስለዚህ ሐይቅ የተጻፈውን ባነበብን መጠን፥ በአንድ ሐይቅ ላይ ሁለት መዝገብ ተከፍቶ ሁለቱ መዝጋቢዎች ሳይተያዩ የሚጽፉ መሆናቸው እየጎላ ታየን። አንደኛው መዝገብ የሃይድሮሎጂ፥ ሁለተኛው የኢኮሎጂ ነው።

የመጀመሪያውን መዝገብ እንክፈት። በዚህ ረገድ ከሁሉ በፊት መጠቀስ የሚገባቸው ተናኘ... ማለት ሳይሆን፥ ስሙን አስተካክለን እንጻፍና፥ ተናለም አየነው በ2002 ስለ አብጃታ ከፍታ መለዋወጥ ያሳተመው ጽሑፍና፥ ዳኛቸው ለገሠ ከክሪስቲን ቫሌ ኩሎምብና ከፍራንሷዝ ጋስ ጋር በ2004 ያወጣው ጥናት ናቸው። ሁለቱም ሐይቁ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የደረሰበት ጉድለት በዝናብ ማነስ ብቻ እንደማይገለጽና የሰው እጅ እንዳለበት ያስረዳሉ። የሰው እጅ ሲባል ከላይ በዝዋይ ዙሪያና በቡልቡላ ዳር ለመስኖ የሚሳበው ውሃ፥ ከታች ደግሞ በ1980ዎቹ ከራሱ ከአብጃታ ሶዳ አሽ ለማውጣት የተጀመረው ሥራ ነው።

የእነዚህ ሥራዎች ትልቁ ጥቅም የመጥፋቱን መንገድ ማሳየታቸው ነው። ነገሩን በራሳችን ሻካራ ሒሳብ ለማስረዳት እንሞክር። በዚያ አገር ከሐይቅ ፊት በዓመት የሚተነው ውሃ ወደ 1900 ሚሊ ሜትር፥ በሐይቁ ላይ የሚዘንበው ደግሞ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ይጠጋል እንበል። ልዩነቱ 1300 ሚሊ ሜትር ነው። የአብጃታ ስፋት 180 ካሬ ኪሎ ሜትር በነበረበት ጊዜ፥ ሐይቁ ባለበት ለመቆየት ብቻ ከወንዞች በዓመት 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይፈልግ ነበር ማለት ነው። አሁን ወደ ላይ ወደ ዝዋይ እንውጣ። ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሰፊ ሐይቅ ነው። ከእርሱ አንድ ክንድ፥ ማለት ግማሽ ሜትር ያህል ውሃ ቢቀነስ፥ በዳሩ የቆመ ሰው የዓመቱ በጋ ትንሽ ጠነከረ ብሎ ያልፈው ይሆናል። ግን ግማሽ ሜትር በ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲባዛ 200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም ለአብጃታ የዓመት ቀለቡ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ቡልቡላ የሚፈሰው የዝዋይ ውሃ ከመውጫው አፋፍ በላይ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፥ ከላይ ጥቂት የመሰለው ጉድለት ታች ሲደርስ ረኃብ ይሆናል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስተማረን የመጀመሪያው መዝገብ ነው። ሆኖም መዝገቡ እዚህ ላይ ይዘጋል። ሐይቁ በእርሱ ዘንድ እንደ ጋን ነው፤ ስንት እንደገባ፥ ስንት እንደወጣ፥ ስንት እንደቀረ ይጻፋል። በጋኑ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት እንዳለ ካነሣም በመግቢያው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ «ሐይቁ የብዙ ወፎች መኖሪያ ነው» ብሎ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከስንት ጽሑፍ ላይ እንዳገኘናት መቁጠር ትተናል። ወፎቹ ከመግቢያው አልፈው ወደ ሠንጠረዡ አይገቡም።

ይልቁንም ቅር የሚያሰኘን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እየበዛ የመጣው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ከሳተላይት የተነሣ ሥዕል ይወሰዳል፥ የ1970ዎቹ የሐይቁ ዳርቻ በአንድ ቀለም፥ የዛሬው በሌላ ቀለም ይሣላል፥ ከዚያም «ሐይቁ ቀንሷል» ይባላል። ሐይቁ መቀነሱ እውነት ነው፤ በ1970ዎቹ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው በ2000ዎቹ አጋማሽ ወደ ግማሹ ወርዷል። ነገር ግን ይህንኑ እውነት በአዲስ ሥዕል እንደገና ማሳየት ምርመራ ነው ብለን ለማመን ይቸግረናል። ከሰማይ የሚታየው የውሃው ፊት ነው። ከፊቱ በታች ያለው ጨው ምን ያህል እንደ ወፈረ፥ ዓሣው የሚራባበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ በየትኛው ወር እንደ ተጋለጠ፥ ሥዕሉ አይናገርም። ጸሐፊዎቹም አይጠይቁትም። እኛ ተማሪዎች ይህን መንገድ የምንመርጠው ጫማችንን ጭቃ ስለማይነካው እንደሆነ ለራሳችን ብንናዘዝ መልካም ነው።

ሁለተኛው መዝገብ ዕድሜው ረዘም ያለ ነው። በጊዜው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ሆኖ በ1969 ስለ ሻላ ነጭ ፔሊካኖች መራባት ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬም ሲነበብ ዋጋው አልቀነሰም። ከላይ ሻላንና አብጃታን የሚያገናኛቸው ወፍ ነው ያልነው ይህንን ነው። ፔሊካኖቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሻላ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ነው፤ በዚያ አውሬም ሰውም በቀላሉ አይደርስባቸውም። ሻላ ግን ዓሣው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ መኝታቸው በአንዱ ሐይቅ፥ ማዕዳቸው በሌላው ሆነ። ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር በእርሱ ላይ ተንሳፈው ወደ አብጃታ ይሻገሩና ዓሣ በልተው፥ ለጫጩቶቻቸውም ይዘው ይመለሱ ነበር።

«ነበር» ማለታችን በምክንያት ነው። የአብጃታ ውሃ እያነሰ ጨዉ ሲወፍር ዋናው ምግባቸው የነበረው ቆሮሶ ተመናመነ፥ ፔሊካኖቹም ምግብ ፍለጋ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው። አንድ ፔሊካን በቀን ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ዓሣ ይፈልጋል ሲባል፥ ጎረቤት ከነበረው ገበታ ይልቅ ብዙ እጥፍ ወደሚርቅ ገበታ መመላለስ ለጫጩቷ ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

በዚሁ በሁለተኛው መዝገብ ውስጥ የውሃውን ጠባይ የመረመሩ ሰዎችም አሉ። ታሊንግና ታሊንግ በ1965 የአፍሪካን ሐይቆች ውሃ ንጥረ ነገር ሲዘረዝሩ የስምጥ ሸለቆአችንን ሐይቆች አካትተዋል፤ ኤልሳቤጥ ከበደ ከዝናቡ ገብረ ማርያምና ከኢንግማር አልግሬን ጋር በ1994 ባወጡት ሥራ ደግሞ ሐይቆቹን ከለጋው እስከ ጨዋማው በተርታ አሰልፈው አሳይተዋል። ይህ የኋለኛው ጽሑፍ በእኛ አስተያየት ሁለቱን መዝገቦች ለማገናኘት ከሁሉ ይልቅ የቀረበው ነው፤ ጨው የውሃው ታሪክም የፍጥረቱ ዕጣም ነውና።

ከዚህ በቀር ግን የሁለተኛው መዝገብ ድካም ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰላል። ወፍ ቆጣሪው በጥር ወር ይመጣል፥ ይቆጥራል፥ ዝርዝሩን ይዞ ይመለሳል። የውሃው ከፍታ በዚያ ቀን ስንት ነበር? ቡልቡላ ይፈስ ነበር ወይስ ደርቆ ነበር? በዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ይህ የተዘነጋ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የዝርዝሩን ትርጉም እስከ መገልበጥ ይደርሳል። ፍላሚንጎ ዓሣ አይበላም፤ ትንሹ ፍላሚንጎ ምግቡ በሶዳ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን አልጌ ነው። ሐይቁ ሲሸሽ በሚጋለጠው ጭቃ ላይ የሚለቅሙ ባለ ረጅም እግር ወፎችም አሉ። እንግዲህ ዓሣው አልቆ ፔሊካኑ በተሰደደበት ዓመት ፍላሚንጎውና የጭቃ ዳር ወፎቹ ቢበዙ፥ «የወፎች ጠቅላላ ብዛት» የሚለው ዓምድ ሐይቁ ደህና እንደሆነ ሊመሰክር ይችላል። የተቆጠረው ሁሉ እውነት ሆኖ ድምሩ ሐሰት ይሆናል። ይህን ስሕተት ሊያርም የሚችለው በሌላኛው መዝገብ ያለው ቁጥር ብቻ ነበር፤ እርሱም በሌላ ክፍል፥ በሌላ መደርደሪያ ላይ ነው።

«የጋራ ምርምር» የሚባለው ነገር አልተሞከረም አይባልም። ሃይድሮሎጂና ኢኮሎጂን አስተሳስሮ ኢኮሃይድሮሎጂ የሚለው ስም ከተለመደ ቆይቷል። ፖላንዳዊው ማቼይ ዛሌቭስኪና ባልደረቦቹ በዩኔስኮ የውሃ ፕሮግራም ሥር በ1997 ሐሳቡን አስፋፍተው አቀረቡት፤ ኢግናሲዮ ሮድሪጌዝ ኢቱርቤ ደግሞ በ2000 የአየርን፥ የአፈርን እርጥበትና የዕፅዋትን ግንኙነት በሒሳብ መልክ አስቀመጠው። ስሙ ወደ እኛም ዘንድ ደርሷል። ነገር ግን በዚህ ስም የሚቀርቡትን ብዙ የምርምር ሐሳቦች ስናይ፥ ምዕራፍ ሁለት የውሃ ሚዛን፥ ምዕራፍ ሦስት የፍጥረታት ዝርዝር፥ ምዕራፍ አራት «የተቀናጀ አስተዳደር ያስፈልጋል» የሚል ምክር ሆኖ እናገኘዋለን። ምዕራፍ ሁለት ቢወጣ ምዕራፍ ሦስት አንድ ፊደል አይጎድልበትም። ሁለት ሰዎች በአንድ አውቶቡስ ስለ ተጓዙ ብቻ ተነጋግረዋል አይባልም።

ታዲያ መነጋገር ምን ይመስላል? ለምሳሌ የምንወስደው ከሩቅ አገር ነው፤ ግን ለጉዳያችን ከዚህ የተሻለ አላገኘንም። በአሜሪካ በኒው ሃምፕሸር ግዛት ሀበርድ ብሩክ የሚባል ጫካ አለ። የአገሩ የደን መሥሪያ ቤት ቦታውን በ1955 የከለለው ለሃይድሮሎጂ ብቻ ነበር፤ በትንንሾቹ ጅረቶች መውጫ ላይ ግድብ መሰል መለኪያ ተሠርቶ የሚወጣው ውሃ ይለካ ነበር። ኸርበርት ቦርማን የሚባል የዕፅዋት ሊቅና ጂን ላይከንስ የሚባል የውሃ ፍጥረታት ሊቅ፥ ከጂኦሎጂው ሰው ከኖይ ጆንሰንና ከደን መሥሪያ ቤቱ ሃይድሮሎጂስት ከሮበርት ፒርስ ጋር ሆነው በ1963 ሥራ ጀመሩ። ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። በዚያው በውሃ መለኪያው ላይ የውሃውን ንጥረ ነገር ለኩ። የውሃው መጠን በንጥረ ነገሩ ውፍረት ሲባዛ ከጫካው በዓመት ስንት ኪሎ ካልሲየም፥ ስንት ኪሎ ናይትሮጂን ታጥቦ እንደሚወጣ ይታወቃል። ይህን ቁጥር ሃይድሮሎጂስቱ ብቻውን ሊያገኘው አይችልም፥ የዕፅዋቱ ሊቅም ብቻውን ሊያገኘው አይችልም። የሁለቱ ብዜት ነውና።

በ1965 መጨረሻ የአንዲት ትንሽ ሸለቆ፥ 15.6 ሄክታር የሆነች፥ ዛፍ በሙሉ ተቆረጠ፤ ለሦስት ዓመትም አረም ማጥፊያ እየተረጨ ምንም እንዳይበቅል ተደረገ። በመጀመሪያው ዓመት ከሸለቆዋ የሚወጣው ውሃ 39 ከመቶ፥ በተከታዩ ዓመት 28 ከመቶ ጨመረ። ሃይድሮሎጂስት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛፍ ቢቆረጥ ውሃ ይበዛል ብሎ መዝገቡን በደስታ ይዘጋ ነበር። ነገር ግን በጅረቱ ውስጥ ናይትሬት ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው ልክ እስኪያልፍ ድረስ ወፈረ። የጨመረው ውሃ የአፈሩን ስንቅ ይዞ ነበር የወጣው። አንዱ ቁጥር ትርፍ ያለውን ሌላው ቁጥር ኪሳራ አለው፥ ሁለቱም በአንድ መለኪያ፥ በአንድ ቀን የተነበቡ ስለነበሩ ክርክሩ እዚያው አለቀ። (ጫካን በመርዝ ሦስት ዓመት ራቁቱን ማቆየት ዛሬ ማንም የሚፈቅደው አይመስለንም፤ እኛም አርአያነቱን የምንወስደው ከመለኪያው እንጂ ከመጥረቢያው አይደለም።)

ወደ አብጃታ ስንመለስ የምንጠይቀው ይህንን ነው። የእኛ ብዜት የቱ ነው? በምን ነጥብ ላይ ነው የውሃው ሰውና የፍጥረቱ ሰው አንድ ቁጥር ለማግኘት የግድ የሚፈላለጉት? በበኩላችን የምናመለክተው ቡልቡላ ወደ ሐይቁ የሚገባበትን አፍ ነው። በዚያ ለጋ ውሃ ከሶዳ ውሃ ጋር ስለሚቀላቀል ጨዉ ይለዝባል። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ወለል ላይ ጎድጓዳ ሥፍራ አዘጋጅቶ ሴቷን ይጠራል፥ እርሷም እንቁላሉን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። የለዘበው ሥፍራ ስፋት ከወንዙ ፍሰት ጋር የሚያድግና የሚቀንስ ከሆነ፥ በየትኛው ወር ስንት ሜትር ኩብ ቢፈስ ስንት ጫጩት ይተርፋል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ዓሣውን የወሰነው ሌላ ነገር ይሆናል። ስሕተት መሆኑን ለማሳየትም ግን ሁለቱ መዝገቦች መገናኘት አለባቸው።

ከመምህራን ወገን አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ በንግግርም ሰምተነዋል። ተማሪ አንድ ሙያ እንኳ ሳይጨብጥ ሁለት ቢይዝ ሁለቱንም ይጥላል ይባላል። ይህ አባባል ከባድ ነው፥ እኛም በቀላሉ አናልፈውም። በእርግጥም ወንዝ ለክቶ የማያውቅ የወፍ ተማሪ የፍሰት ሠንጠረዥ ሲሠራ የሚያሳፍር ነገር ሊወጣው ይችላል። ነገር ግን እኛ የምንለው አንዱ የሌላውን ሙያ ይያዝ አይደለም። ላይከንስ ጂኦሎጂስት አልሆነም፥ ፒርስም ቅጠል አልቆጠረም። የተካፈሉት ቦታውን፥ ቀኑንና ጥያቄውን ነው። በእኛ ዘንድ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ባልደረባችን የዓሣን መራባት ከወንዝ ፍሰት ጋር ለማያያዝ የመመረቂያ ጽሑፍ ሐሳብ ቢያቀርብ፥ አንደኛው ፈታኝ ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው አለው፥ ሁለተኛው ፈታኝ ይህ የዓሣ ነገር ነው አለው። ባልደረባችን የሳተላይት ሥዕል ሠርቶ በማዕርግ ተመረቀ።

ይህ ሁሉ የተማሪ ክርክር ሆኖ ቢቀር ኖሮ በዚህ መጽሔት ገጽ አናባክንበትም ነበር። ቡልቡላ በበጋ እየደረቀ የታየ ወንዝ ነው። በዳሩ ያለው ገበሬና ከብቱ የሚጠጡት ከእርሱ ነው፤ ከላይ የመስኖውና የአበባ እርሻው ፓምፕ አለ፥ ከታች ሐይቁና ፓርኩ። አንድ ቀን ውሃ የሚያከፋፍል ባለሥልጣን «ለአብጃታ ስንት ልልቀቅለት? በየትኛው ወር?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ይህ ትክክለኛና ጨዋ ጥያቄ ነው። ሃይድሮሎጂስቱ ሐይቁን በ1970ዎቹ ልኩ ለማቆየት የሚያስፈልገውን የዓመት ድምር ይነግረዋል፤ ያ ድምር ዛሬ ማንም የማይለቀው ያህል ብዙ ነው። የወፉ ሰው ፔሊካን እየጠፋ ነው ይለዋል፤ ይህ ደግሞ ሜትር ኩብ አይደለም። ባለሥልጣኑ በሁለቱ መካከል የሚይዘው ቁጥር ሲያጣ ፓምፑ ባለበት ይቀጥላል። የማይለቀቅ ትልቅ ቁጥርና ቁጥር የሌለው ኀዘን ይዘን ከምንቀርብ፥ «በእነዚህ ሁለት ወራት ይህን ያህል ቢለቀቅ ይህን ያህል ዓሣ ይተርፋል» የሚል ትንሽ ቁጥር ብንይዝ ኖሮ ቢያንስ ክርክር ይጀመር ነበር።

ስለዚህ ከእንግዲህ በዚህ መጽሔት ስለ አብጃታ የሚጽፍ ባልንጀራችን የመጀመሪያው ሠንጠረዡ አራት ዓምድ እንዲኖረው እንለምነዋለን፤ ቀኑ፥ በዚያ ቀን የቡልቡላ ፍሰት፥ በወንዙ አፍ የተገኘው ጨው፥ በመረብ የተያዘው የዓሣ ጫጩት። እኛም ሠንጠረዡን ጀምረነዋል። በሁለት ጉዞ የሞላነው ሁለት ረድፍ ብቻ ሲሆን፥ በሁለተኛው ረድፍ የፍሰቱ ዓምድ ባዶ ነው፤ መለኪያውን የሚያውቀው የሃይድሮሎጂ ባልደረባችን በዚያን ቀን ፈተና ነበረበት።